የጓሮ ጋራዥ ሽቦ ባለቤት ይኑረው

አዲስ ቅዳም የገበያ ቀኗን በስሟ ይዛ የኖረች ከተማ ናት። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየገጠሩ የሚመጣው ሕዝብ ገበያዋን ይሞላዋል። ነገር ግን አውራ ጎዳና የሚያልፍበት ከተማ ንግዱ በአንድ ቀን ብቻ አይወሰንም። የሚያልፈው አይሱዙ ጎማው ይተነፍሳል፤ የባጃጁ ባትሪ ይደክማል፤ የጋሪው ብረት ይሰበራል። ይህን ሁሉ የሚጠግን ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያውም የሚሠራበት ቤት ያስፈልገዋል።

ይህ ቤት እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ታናናሽ ከተሞች ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመኖሪያ ቤት ጓሮ ነው። በባሕር ዛፍ የቆመ፣ በቆርቆሮ የተከደነ፣ አንዳንዱም ግድግዳው ጭምር ቆርቆሮ የሆነ፣ ከዋናው ቤት 20 ወይም 30 ሜትር ርቆ የተሠራ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ መኪናውን ወይም ባጃጁን ያሳድርበታል፤ አለዚያም ለጠጋኝ፣ ለብየዳ ሠራተኛ ወይም ለጎሚስታ ያከራየዋል። መብራቱም ከዋናው ቤት በአንዲት ቀጭን ሽቦ ተስቦ ይመጣለታል።

ስለዚህች ሽቦ ጥያቄ ቢነሣ ግን ኃላፊ ነኝ ብሎ የሚቀርብ አይገኝም። አከራዩ የተከራዩ ናት ይላል፤ ተከራዩ ስገባ ያገኘኋት ናት ይላል፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ መብራት ኃይል እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከቆጣሪው ወዲያ ያለው ዝርጋታ የደንበኛው ነው ይላል። እንግዲህ ለንግዱ ማኅበረሰብ የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ይህች ሽቦ ባለቤት ሊኖራት ይገባል። ባለቤቷም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በግምት ሳይሆን በሒሳብ የታወቀ መሆን አለበት።

የመጨረሻዎቹ 30 ሜትሮች

የኤሌክትሪክ ብርሃን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው። የኤሌክትሪክ ብርሃንና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ኃይሉ ከአዲስ አበባ ውጭ ወዳሉት ከተሞች እየተስፋፋ ሄደ። መሥሪያ ቤቱ ስሙንና አቋሙን ብዙ ጊዜ ለውጦ በ2006 ዓ.ም. ከሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ኃይል የሚያመነጨውና የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ሁለተኛው ለደንበኛው የሚያከፋፍለውና የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው።

የአዊ አገር ሰው ከታላላቅ የኃይል ማመንጫዎች አጠገብ የሚኖር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰሜን በኩል ከባሕር ዳር አጠገብ የጢስ ዓባይ ማመንጫ አለ። ከጣና ሐይቅ በዋሻ በሚመጣ ውኃ የሚሠራው የበለስ ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ከዞኑ በስተ ምዕራብ በሚዋሰነው በመተከል፣ ጉባ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ነው።

ይህን ሁሉ ኃይል መንግሥትና ሕዝብ በብዙ ገንዘብና በብዙ ድካም እስከ ቆጣሪው ድረስ ያደርሱታል። ከቆጣሪው ወደ ዋናው ቤት ያለው መንገድም ብዙ ጊዜ በባለሙያ ይሠራል። ከዋናው ቤት ወደ ጓሮው ጋራዥ ያለው የመጨረሻው 30 ሜትር ግን ለማንም የተተወ ነው። በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በብረት ምሰሶ ላይ በክብር የተጓዘ ኃይል፣ ሥራ ሊሠራበት ወደሚችለው ቤት ሲደርስ በምስማር በተጣበቀ ሽቦ ላይ ይንጠለጠላል።

ኤሌክትሪክን ከማንም ቀድመው ለገበያ ያቀረቡ አገሮች ይህን አደጋ ገና ከመነሻው ተረድተውት ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ የኤዲሰን የፐርል ጎዳና ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በዚያው ዓመት በለንደን የቴሌግራፍ መሐንዲሶች ማኅበር ከኤሌክትሪክ መብራት የሚነሣውን የእሳት አደጋ ለመከላከል ደንብ አወጣ፤ የእሳት መድን ኩባንያዎችም የየራሳቸውን መመሪያ ጻፉ። መብራቱና ደንቡ በአንድ ዓመት የተወለዱ መንትዮች ናቸው። በኢትዮጵያም ደንቡ ጠፍቶ አይደለም። ከኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ደረጃዎች 10ኛው የተጻፈው ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው፤ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ም የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ባለው ባለሙያ እንዲሠራ ይፈልጋል። የጎደለው ደንቡን እስከ ጓሮው ድረስ ማድረስ ነው።

አንዲት ሽቦ ምን ያህል ትሸከማለች?

ብዙዎቹ ባለቤቶች የሚሰጡት መልስ «አንድ አምፖል ብቻ ነው» የሚል ነው። ለአምፖሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ እውነት ነበር። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ አምፖል 10 ዋት ብቻ ወስዶ አንድ ክፍል ያበራል። አራት እንዲህ ያሉ አምፖሎች በአንድ ጋራዥ ቢሰቀሉ የሚወስዱት 40 ዋት ነው፤ ይህም ቀድሞ ከነበረው አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል ያነሰ ነው። ስለዚህ ብርሃን ርካሽ ነው፤ ቀጭን ሽቦም ይበቃዋል።

ነገር ግን አምፖሉ ብቻውን አይቀርም። በመጀመሪያው ወር አምፖል፣ በሦስተኛው ወር የስልክ መሙያ፣ በስድስተኛው ወር መሰርሰሪያና መሞረጃ፣ በዓመቱ ደግሞ የብየዳ መኪናና የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ይገባል። ሽቦዋ ግን ያችው የመጀመሪያዋ ናት።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ የታወቀ ስለሆነ ለመለኪያ ይመቻል፤ 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ 16 አምፔር ያህል ይስባል። አንድ ጋራዥ ይህንኑ ያህል ኃይል 30 ሜትር ርቆ ቢፈልግ፣ ኤሌክትሪኩ ሄዶ የሚመለስ ስለሆነ የሽቦው ርዝመት የሚታሰበው 60 ሜትር ተብሎ ነው። ሽቦው ባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ ከሆነ በመንገድ ላይ 11 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ባለ 2.5 ከሆነ ወደ 7 ቮልት፣ ባለ 4 ከሆነ ወደ 4 ቮልት፣ ባለ 6 ከሆነ ከ3 ቮልት ያነሰ ይጠፋል።

የጠፋው ቮልት ወዴት ይሄዳል? ሽቦውን ያሞቀዋል። በባለ 1.5 ሽቦ ላይ በዚያ ሰዓት 179 ዋት በሙቀት ይባክናል፤ በባለ 6 ላይ ግን 45 ዋት ብቻ። ጋራዡ በቀን 5 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን በዚህ ጭነት ቢሠራ፣ በቀጭኑ ሽቦ ምክንያት በየወሩ 17 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ምንም ሥራ ሳይሠራ ይከፈልበታል። ሽቦ ሲገዛ የተቆጠበው ብር በየወሩ በሒሳብ ደረሰኝ ላይ ተመልሶ ይወጣል ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የኮምፕሬሰር ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚደርስ ኃይል ለጥቂት ቅጽበት ይስባል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ሞተሩም መነሣት አቅቶት እያጓራ ይቆማል። ባለሙያው ሞተሩ ደካማ ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ሞተሩም በመጨረሻ ይቃጠላል። ብዙ መሣሪያ የሚሞተው በራሱ ጉድለት ሳይሆን በሽቦው ጉድለት ነው።

ቆርቆሮ፣ ዝናብና ቤንዚን

የአዊ ደጋ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ስፍራዎች አንዱ ነው። በክረምት የጓሮው መሬት ለወራት አይደርቅም፤ እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ለኤሌክትሪክ የተመቸ መተላለፊያ ነው። ሽቦው በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ተጣጥፎ ከገባ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ልባሱ ይፋቃል። ልባሱ ያለቀ ዕለት ሽቦው ብቻ ሳይሆን ጣሪያውና ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሆናል። በሩን ሊከፍት የሚመጣ ሠራተኛ፣ ከግድግዳው ጥግ የሚጫወት ልጅ፣ ከአጥሩ ጋር የታሰረ ፈረስ የሚነካው ቤት እንጂ ሽቦ አይመስለውም። ስለዚህ ከቆርቆሮ የተሠራ ጋራዥ ከምንም አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከመሬት ጋር በጥሩ ሁኔታ መታሰር ነው።

ጋራዥ ደግሞ ከሌላው የጓሮ ቤት የሚለይበት ጠባይ አለው። የቤንዚን ትነት ከአየር የከበደ ስለሆነ ወደ ላይ አይወጣም፤ በወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ መኪና ሥር ገብተው በሚሠሩበት ጉድጓድ ውስጥም ይከማቻል። በወለል አጠገብ የተደረገ ሶኬት ሲሰካና ሲነቀል የምትወጣው ትንሽ ብልጭታ ለዚህ ትነት ትበቃዋለች። በመሆኑም በጋራዥ ውስጥ ሶኬት ከወለሉ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ መደረግ አለበት። በጉድጓድ ውስጥ የሚያዝ መብራትም በ220 ቮልት የሚሠራ ሳይሆን በ12 ወይም በ24 ቮልት፣ አለዚያም በባትሪ የሚሠራ መሆን ይገባዋል።

የባትሪ ሙሌት ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። የመኪና ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየር ሁሉ የቀለለ ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ መውጫ ካጣም እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ ባትሪ የሚሞላበት ማእዘን ከላይ አየር መውጫ ሊኖረው፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ከዚያ ራቅ ብሎ ሊደረግ ይገባል። ከታች ቤንዚን፣ ከላይ ሃይድሮጅን ባለበት ቤት ውስጥ በምስማር የተንጠለጠለ ሽቦ መተው ጥንቃቄ የጎደለው ብቻ ሳይሆን ንብረትን በገዛ እጅ ለእሳት ማቅረብ ነው።

ትክክለኛው ዝርጋታ

ደኅና ሆኖ የተሠራ የጋራዥ መስመር ሊታወቅ የማይችል ምስጢር አይደለም። ማንኛውም ባለቤት በዓይኑ አይቶ ሊጠይቅ የሚችላቸው አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ መስመሩ የሚነሣው ከሌላ ክፍል ሶኬት ሳይሆን ከዋናው ማከፋፈያ ሳጥን፣ ከራሱ ብሬከር ነው። የብሬከሩ መጠን ሽቦው ሊሸከመው ከሚችለው መብለጥ የለበትም፤ ብሬከር ሽቦን ለማዳን የተሠራ ስለሆነ፣ ደጋግሞ ወረደ ተብሎ በትልቅ ቢለወጥ የእሳት መከላከያው ተነሣ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሽቦው ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ኬብል ይሁን። በመሬት ውስጥ የሚሄድ ከሆነ በቱቦ ገብቶ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበር፤ በላዩም አሸዋና ጡብ ወይም የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይደረግበት፤ አለዚያ ድንች ወይም ጌሾ ሊተክል የሚቆፍር ሰው ዶማውን ያሳርፍበታል። በአየር የሚሄድ ከሆነ ከበሩ የሚገባው ጭነት የጫነ አይሱዙ፣ በፈረስ የተቀመጠ ሰውም ጃንጥላውን ዘርግቶ በነጻነት የሚያልፍበት ከፍታ ይኑረው። ምሰሶውም ምስጥ የማይበላው ይሁን።

ሦስተኛ፣ በጋራዡ ውስጥ ራሱን የቻለ ትንሽ ማከፋፈያ ሳጥን ይኑር፤ መብራቱ በአንድ ብሬከር፣ ሶኬቱ በሌላ ይለይ። መሰርሰሪያው ብሬከሩን ሲያወርድ ሠራተኛው በሚሽከረከር ብረት ፊት በጨለማ እንዳይቆም ይህ መለያየት አስፈላጊ ነው።

አራተኛ፣ በሶኬቶቹ መስመር ላይ በገበያ አር ሲ ዲ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ወይም በሰው ገላ ሲፈስስ ወዲያው የሚያቋርጠው መሣሪያ ይግባ። ለሰው ሕይወት የሚታሰበው መጠን 30 ሚሊ አምፔር ነው። ተራው ብሬከር 16 ወይም 20 አምፔር እስኪያልፍ ድረስ አይንቀሳቀስም፤ ሰውን የሚገድለው ግን ከዚያ በመቶ እጅ ያነሰ ነው። ስለዚህ ብሬከር አለ ተብሎ ይህ መሣሪያ አይቀርም።

አምስተኛ፣ ከጋራዡ አጠገብ የመሬት ማሰሪያ ብረት ይተከል፤ የቆርቆሮው ግድግዳና ጣሪያ፣ የብየዳ ጠረጴዛውም ከእርሱ ጋር ይታሰሩ። ብረቱ ተተክሏል መባሉ ብቻ አይበቃም፤ ባለሙያው በመሣሪያ ለክቶ ውጤቱን በወረቀት መስጠት አለበት።

ወጪው በማን ላይ ይውደቅ?

እስከዚህ የተባለውን ብዙው ባለቤትና ባለሙያ ያውቀዋል። ታዲያ ስለ ምን አይሠራም? መልሱ ከኤሌክትሪክ ይልቅ በኪራይ ውል ውስጥ የሚገኝ ነው።

አከራዩ በሽቦው ላይ ገንዘብ ማውጣት አይፈልግም፤ ጥቅሙ የተከራዩ ነው ብሎ ያስባልና። ተከራዩም አያወጣም፤ ነገ ውጣ ቢባል የተቀበረ ኬብል ነቅሎ መሄድ አይችልምና። ሁለቱም በየበኩላቸው ትክክል ይመስላሉ፤ ከሁለቱ ትክክል የሚወጣው ውጤት ግን ያቺው የምስማር ሽቦ ናት። እሳት ሲነሣ የአከራዩ ቤት፣ የተከራዩ መሣሪያ፣ የደንበኛውም ባጃጅ አብረው ይቃጠላሉ።

መፍትሔው በኪራይ ውሉ ላይ ጥቂት ዓረፍተ ነገር መጨመር ነው። ከቆጣሪው እስከ ጋራዡ ማከፋፈያ ሳጥን ያለው መስመር የቤቱ አካል ስለሆነ የአከራዩ ንብረት ይሁን። ከሳጥኑ ወዲያ ለሙያው ተብሎ የሚደረገው ሶኬትና መብራት ደግሞ የተከራዩ ይሁን። አከራዩ በጊዜው ገንዘብ ከሌለው ተከራዩ ያሠራውና ወጪው ከወር ኪራዩ ላይ እየታሰበ ይቀነስለት፤ ሳያልቅ ቢወጣም ቀሪው ይመለስለት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ይልቁንም ክረምት ሳይገባ፣ መስመሩን የሚያስመረምረው ማን እንደሆነም ይጻፍ። ይህ ውል ከተጻፈ ሽቦይቱ ባለቤት አገኘች ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የቆጣሪ ጉዳይ አብሮ ይነሣል። ብዙ ጋራዦች በመኖሪያ ቤቱ ቆጣሪ ላይ ተደርበው ይሠራሉ። የተከራዩ ፍራት የንግድ ታሪፍ ከመኖሪያ ቤት ታሪፍ ይለያል፣ የራስ ቆጣሪ ወጪ ያበዛል የሚል ነው። ፍራቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ነገር ግን የሒሳቡ ሌላ ፊት መታየት አለበት። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ መጠን የተደለደለ ነው፤ በአንድ ቆጣሪ ላይ የሚቆጠረው ሲበዛ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። የብየዳ መኪና በቤቱ ቆጣሪ ላይ ሲደረብ የአከራዩ ምጣድና አምፖል ሳይቀሩ ወደ ላይኛው ዋጋ ይገፋሉ። በየወሩ መጨረሻ በአከራይና በተከራይ መካከል የሚነሣው ጭቅጭቅ ዋና ምንጩም ይኸው ነው። የራሱ ቆጣሪ ያለው ጋራዥ ግን ሒሳቡን ራሱ ያውቃል፤ ወጪውንም በመዝገቡ ላይ በደረሰኝ ማስረዳት ይችላል። ግብር ለሚከፍልና ከባንክ ብድር ለሚጠይቅ የእጅ ባለሙያ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ለብርሃን ብቻ ለሚፈልግ

ጋራዡን ለማሳደሪያ ብቻ የሚጠቀምበት፣ መሣሪያም የማያስገባ ባለቤት ይኖራል። ይህ ሰው ወደ ከባድ ወጪ ሊገፋ አይገባውም፤ ለእርሱ የሚሻለው ምናልባት ምንም ሽቦ አለመሳብ ነው። አራት ባለ 10 ዋት አምፖሎች ማታ ማታ 5 ሰዓት ቢበሩ የሚፈልጉት 200 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ አራት ሰዓት ደኅና ፀሐይ ካገኘ ከባትሪው ብክነት በኋላም ይህን ይሞላል። የአዊ ክረምት ደመና የሚበዛበት ስለሆነ ሰሌዳውንና ባትሪውን ከፍ አድርጎ መግዛት ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ራሱ ከሕዝቡ 35 በመቶ ያህሉን ከዋናው መስመር ውጭ፣ በፀሐይና በመሰል ኃይል ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ለገጠር የታሰበው ዘዴ ለከተማ ጓሮ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ዋናው መብራት በጠፋ ጊዜም የጋራዡ መብራት ይቀራል።

ብየዳና ኮምፕሬሰር ለሚፈልግ ግን ትንሹ የፀሐይ ሰሌዳ አይበቃም። እንግዲህ ባለቤቱ ሽቦ ከመግዛቱ በፊት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ቤት ብርሃን ነው ወይስ ኃይል የሚፈልገው? ለጥያቄው መልስ ሳይሰጥ የተሳበ ሽቦ ሁልጊዜ ቀጭን ሆኖ ይገኛል።

ለአዲስ ቅዳም የሚያሳስበው ስለ ምንድን ነው?

ፋግታ ለኮማ በዲከረንስ ተክል የታወቀ ወረዳ ነው። ገበሬው ዛፉን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፤ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላም ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በአይሱዙ እየተጫነ የብዙ ቤተ ሰብ ኑሮ ሆኗል። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶበታል። ከዚህም ሌላ ግድቡ ኃይል ሲያበዛና የከተማው ወጥ ቤት ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር የከሰል ገበያ እንደ ነበረ አይቀጥልም። ኤሌክትሪኩ የከተማይቱን አንድ መተዳደሪያ ሊያሳንስ የሚችል ከሆነ፣ ሌላ መተዳደሪያ ሊሰጣትም ይገባል። ያም የሚሆነው በእንጨት ሥራ፣ በብረታ ብረት፣ በጥገና ነው፤ የእነዚህም ቤት የጓሮው ጋራዥ ነው።

የተሽከርካሪው ዓለምም እየተለወጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ እንደከለከለ ይታወሳል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ነዳጅ ማደያው የገዛ ጋራዡ ነው። በቤት ውስጥ የሚደረግ ባለ 7 ኪሎዋት መሙያ 32 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህንንም እንደ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ዛሬ በባለ 1.5 ሽቦ የሚረካ ባለቤት ነገ ግቢውን እንደገና መቆፈሩ አይቀርም። ዛሬ ቦይ የሚያስቆፍር ሰው ሰፋ ያለ ቱቦ ቢያስቀብር ግን ነገ ወፍራሙን ኬብል ያለ ቁፋሮ ያሳልፍበታል፤ በቱቦ ስፋት ላይ የሚጨመረው ብር ከሁለተኛ ቁፋሮ እጅግ ያነሰ ነው።

የሚደረገው ምንድን ነው?

የንግድ ማኅበሩ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚችለው ከላይ የተነገረውን የሽቦ ውል ናሙና አዘጋጅቶ ለአባላቱ ማደል ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአንድ ስብሰባ ሥራ ነው። ቀጥሎም ባለ ጋራዦቹ በኅብረት ኬብል፣ ብሬከርና አር ሲ ዲ እንዲገዙ ቢያስተባብር፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ውድ የሚሆነው ዕቃ በጅምላ ዋጋ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጮችም በሽቦው ላይ የተጻፈው መጠንና በውስጡ ያለው መዳብ የተስማማ መሆኑን ለገዢው ማረጋገጥ ይገባቸዋል፤ ባለ 2.5 ተብሎ የሚሸጥ ቀጭን ሽቦ ከሚዛን ማጉደል የማይለይ፣ እንዲያውም ሕይወት ስለሚነካ የከፋ በደል ነው።

በዞኑ ያሉት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ተማሪዎቻቸውን በመምህር እየመሩ ከሰኔ በፊት የጓሮ ጋራዦችን መስመር ቢመረምሩ፣ ተማሪው ልምምድ፣ ባለቤቱም ማስጠንቀቂያ ያገኛል። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ለእጅ ባለሙያዎች የሚሰጠውን ቆጣሪ ያለ ብዙ ምልልስ ቢያፋጥን፣ በሥውር የሚደረበው ጭነት በግልጽ ይቆጠርለታል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመርም ምን ያህል እንደሚሸከም አስቀድሞ ያውቃል። ማዘጋጃ ቤቱም ለጋራዥ የንግድ ፈቃድ የሚሆን ቦታ ሲመለከት በሩንና አጥሩን ብቻ ሳይሆን ሽቦውንም ይመልከት።

ሁሉም ግን የሚጀምረው ከግቢው ባለቤት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገሩ ሰው። የጓሮውን ሽቦ በመጪው ቅዳሜ ቀና ብሎ ማየት ምንም አያስከፍልም፤ ከየት እንደተነሣች፣ ምን እንደምትሸከም፣ በየት በኩል ቆርቆሮ እንደምትነካ፣ የማን እንደሆነች መጠየቅም እንዲሁ። መልስ ያልተገኘላት ሽቦ ካለች ግን ባለሙያ ጠርቶ ማስነቀል፣ በምትኳም በውልና በልክ ማሠራት የቤቱም የንግዱም ግዴታ ነው።